ቦሌና አሥመራ፤ የሰዓት ከሩብ መንገድ ቀን ሲፈጅ

ካርታ ዘርግቶ በቦሌና በአሥመራ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ማስመሪያ ለሚያስቀምጥ ሰው ሥራው ቀላል ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ርዝመቱ 702 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጄት አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ቁርሱን አዲስ አበባ የቀመሰ ነጋዴ አሥመራ ምሳ በልቶ፣ ሒሳቡን ተሳስቦ፣ ለእራት ቤቱ ሊመለስ የሚችልበት ርቀት ነው።

ይህ መንገድ ግን በ1990 ዓ.ም. ተዘጋ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተከፈተ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን አቋረጠ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኪሎ ሜትሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። የመንገደኛው ሰዓት፣ የዕቃው ማጓጓዣና የነጋዴው ኪሣራ ግን እንደ ዘመኑ ሁኔታ ሲረዝምና ሲያጥር ኖሯል።

እንደሚታወቀው ብዙው ነጋዴ ስለ አንድ የአየር መስመር ሲያስብ በቅድሚያ የሚጠይቀው የትኬቱን ዋጋ ነው። ቀጥሎ ሰዓቱን ይጠይቃል። የአዲስ አበባና የአሥመራ መስመር ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሦስተኛ ጥያቄ መኖሩን ነው። ይኸውም «በዚህ መንገድ የሄደው ገንዘቤ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ነው። መስመሩን ሁለት ጊዜ ያነቀው የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ነገሩን ከሥር ጀምሮ መመልከት ይጠቅማል።

መስመሩ በካርታ ላይ

ሁለቱ ማረፊያዎች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሥመራ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ የምትለው በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ቀጥተኛው መስመር የሸዋን ደጋ ለቆ፣ ወሎን አቋርጦ፣ ላሊበላን በስተቀኝ ትቶ፣ ከአድዋ አጠገብ ያልፍና አሥመራ ይደርሳል። የሰዓት ልዩነትም የለም። በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲሆን በአሥመራም ሦስት ሰዓት ነው።

ሁለቱም የደጋ ማረፊያዎች ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ለእያንዳንዳቸው ከ2,300 ሜትር ያልፋል። ይህ ለካርጎ ነጋዴ ዋዛ ነገር አይደለም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ከሚገኝ ማረፊያ ሲነሣ የሚችለውን ያህል ክብደትም ይዞ ሊነሣ አይችልም። ረጅም በረራ የሚሄድ አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ ስለሚጭን በዚህ ምክንያት ጭነት ለመቀነስ የሚገደድበት ጊዜ አለ። የአሥመራ በረራ ግን አጭር በመሆኑ የሚጫነው ነዳጅ ትንሽ ነው። የነዳጁ ክብደት ሲቀንስ ለሰውና ለዕቃ ቦታ ይተርፋል። በዚህ በኩል ሲታይ መስመሩ ለጭነት የተመቸ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ሁለቱም ማረፊያዎች ከከተሞቻቸው እምብርት በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኙ ናቸው። በታላላቅ የዓለም ከተሞች መንገደኛው ከአውሮፕላን ወርዶ መሀል ከተማ ለመድረስ ሌላ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያጠፋል። በዚህ መስመር ግን ከአየር ላይ ጉዞ በኋላ የሚቀረው የታክሲ መንገድ አጭር ነው።

በመኪና እንሂድ ቢባል መንገዱ በደሴ፣ በመቐለና በአዲግራት አድርጎ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተራራ መውጣትና ገደል መውረድ የበዛበት በመሆኑ ለጭነት መኪና የቀናት ጉዞ ነው። የአየሩና የምድሩ ርቀት ልዩነት 300 ኪሎ ሜትር ቢመስልም በሰዓት ሲለካ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

አንባቢ የማንኛውንም በረራ ሰዓት በግምት ለማወቅ ቢፈልግ ቀላል ዘዴ አለ። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለውን ኪሎ ሜትር ለ750 ማካፈል፣ ከዚያም በውጤቱ ላይ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ነገር ግን መንገዱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ነፋስም አለ። ስለዚህ 750 ለስሌት የተሻለ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ደግሞ አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ለሚያዘግምበት፣ ለሚወጣበትና ለሚወርድበት የሚታሰብ ነው።

በዚህ ስሌት 702 ለ750 ሲካፈል 56 ደቂቃ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት አንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ ይመጣል። ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም።

ከስሌቱ ሌላም ነገር መረዳት ይቻላል። በአጭር በረራ ግማሽ ሰዓቱ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። አውሮፕላን ነዳጅ የሚፈጀው ደግሞ ይበልጡን ሲወጣ ነው። የማረፊያ ክፍያው፣ የዕቃ ጫኝና አውራጁ፣ የመሬት ላይ አገልግሎቱ መንገዱ አጭር ነው ተብሎ አይቀርም። በመሆኑም አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከረጅሙ ይልቅ ውድ ነው። «ይህቺን ለምታክል መንገድ ይህን ያህል ዋጋ?» እያለ በትኬት ቢሮ የሚከራከር መንገደኛ ይህን ቢያውቅ ጥቂት ይጽናናል። ክርክሩን መተው ግን የለበትም፤ በአንድ መስመር ላይ የሚበር አየር መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው ከወጪው በላይ ሊሄድ እንደሚችልም የታወቀ ነው።

ቀጥታው ሲዘጋ

ቀጥታው በረራ በሌለበት ጊዜ ከአዲስ አበባ አሥመራ መሄድ የሚፈልግ ሰው በሦስተኛ አገር ዞሮ መሄድ ይኖርበታል። በሦስት ከተሞች በኩል ያለውን ርቀት በአጭሩ የአየር መስመር አስልተን ከዚህ በታች አቅርበናል። ሰዓቱ ከላይ በተጠቀሰው ዘዴ የተሰላ ሲሆን በአየር ላይ የሚጠፋው ብቻ ነው። በመሸጋገሪያ ማረፊያ ላይ የሚቆየው ጊዜ አልተካተተም።

ቀጥታ፦ 702 ኪሎ ሜትር፤ 1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ
በጅዳ በኩል፦ 1,413 ሲደመር 711፣ ጠቅላላ 2,124 ኪሎ ሜትር፤ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ
በካይሮ በኩል፦ 2,474 ሲደመር 1,818፣ ጠቅላላ 4,292 ኪሎ ሜትር፤ 6 ሰዓት ከ43 ደቂቃ
በዱባይ በኩል፦ 2,519 ሲደመር 2,039፣ ጠቅላላ 4,558 ኪሎ ሜትር፤ 7 ሰዓት ከ5 ደቂቃ

በጅዳ የሚሄደው መንገደኛ አሥመራን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በካይሮ ስድስት እጥፍ፣ በዱባይ ደግሞ ስድስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በዱባይ ዞሮ አሥመራ የደረሰ ሰው የሄደበት የአየር መንገድ ቀጥታውን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ከመመላለስ ይበልጣል።

በመሸጋገሪያው ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሲጨመር ደግሞ ጉዞው አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቀን ካልተገጣጠሙ ማደር ግድ ነው። ማደር ካለ የሆቴል ወጪ፣ እንደ አገሩም የመግቢያ ቪዛ ይከተላል። የአየር ላይ ሰዓቱ ሰባት ሆኖ የጉዞው ጊዜ ሁለት ቀን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የድርጅቱ የመጀመሪያ መስመር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን የንግድ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን መድረሻው ካይሮ ነበር። ከካይሮ በፊት ግን ያረፈው አሥመራ ነው። እንግዲህ አየር መንገዱ መንገደኛ ጭኖ የከፈተው የመጀመሪያ መስመር ከአዲስ አበባ አሥመራ ያለው ነው ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ዝና ካተረፉት ረጃጅም መስመሮቹ ሁሉ ይህ ይቀድማል።

ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን በይፋ ስታውጅ የአገር ውስጥ የነበረው በረራ ዓለም አቀፍ ሆነ። ፓስፖርትና ጉምሩክ መጣ። የሆነ ሆኖ ለነጋዴው ብዙ አልከበደውም ነበር። ምክንያቱም ሁለቱ አገሮች በአንድ ገንዘብ፣ በብር፣ ይገበያዩ ነበርና። የአሥመራው ነጋዴ በብር ሸጦ በብር ይገዛል። የአዲስ አበባውም እንዲሁ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ የባንክ ፈቃድ የሚባል ጣጣ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ኤርትራ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ አብዛኛውን የሚገዛው የኢትዮጵያ ገበያ ነበር። ከኢትዮጵያ ደግሞ ጤፍ፣ ቡናና ሌላውም እህል ወደ ሰሜን ይጫን ነበር። የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃም በአብዛኛው የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። ጥያቄው ወዲያው መጣ። አንድ ናቅፋ በስንት ብር ይመነዘር? የኤርትራ ወገን ሁለቱ እኩል በእኩል እንዲሄዱ ፈለገ። የኢትዮጵያ ወገን አልተቀበለውም። ከ2,000 ብር ከማይበልጠው የጠረፍ ንግድ በስተቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ነጋዴው ኤልሲ በሚለው መንገድ፣ እንዲካሄድ ተወሰነ።

የገበያ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ትናንት በኪሱ ብር ይዞ፣ ትኬት ቆርጦ፣ በሰዓት ከሩብ አሥመራ ደርሶ ይገዛ የነበረ ነጋዴ ዛሬ ባንክ ሄዶ ዶላር መጠየቅ ግድ ሆነበት። አውሮፕላኑ እንደ ቀድሞው ይበራል፤ በረራው አልተቋረጠም። ንግዱ ግን የባንክ ወረፋውን ያህል ራቀ። ብዙ ሰው መስመሩን የዘጋው ጦርነቱ ብቻ እንደሆነ ያስባል። ለነጋዴው ግን በሩ ገርበብ ያለው ከዚያ በፊት ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ የአየር በረራው፣ የየብስ መንገዱና የስልክ መስመሩ ሁሉ ተቋረጠ። የአሰብ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም በረራው አልተመለሰም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ ተገናኝተው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። ስልክ ተከፈተ። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የንግድ በረራ ወደ አሥመራ አደረገ። የመንገደኛው ብዛት አንድ አውሮፕላን ስላልበቃው ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው ተነሡ። ከመንገደኞቹ መካከል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ይገኙበት ነበር። በዚያው ክረምት የኤርትራ አየር መንገድም ወደ አዲስ አበባ መብረር ጀመረ።

በዚያን ቀን አሥመራ ላይ የታየው ደስታና ልቅሶ ዓለም ያየው ነው። እናትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት ሃያ ዓመት ተለያይተው ተገናኝተዋል። ይህ በገበያ ዓምድ የሚተመን ነገር አይደለም። ነጋዴውም ቢሆን ወደ ኋላ አላለም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የየብስ ድንበሩ ሲከፈት መኪናዎች በዛላምበሳ በኩል ተመሙ። ከኤርትራ የመጡ ገዢዎች ከትግራይ ከተሞች ጤፍና የግንባታ ዕቃ እየጫኑ ተመለሱ። ብርና ናቅፋ በመንገድ ዳር ይመነዘር ጀመር።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ግብይት የተካሄደው ያለ ንግድ ስምምነት ነበር። የጉምሩክ ታሪፍ አልተወሰነም፤ የምንዛሪ ተመንም አልወጣም። ከወራት በኋላ የድንበር ኬላዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ክፍት ሆኖ የቆየው የአየሩ መንገድ ብቻ ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የየብሱ ነገር ጭራሽ የማይታሰብ ሆነ። የሰሜኑ ገበያ በዚያች የሰዓት ከሩብ በረራ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ገንዘቡ ሲታሰር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን ከመስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ እንደሚያግድ አስታወቀ። ያቀረበው ቅሬታ የመንገደኛ ሻንጣ መጥፋትን፣ የበረራ መዘግየትንና የዋጋ መጨመርን የሚመለከት ነበር። አየር መንገዱ ቀኑን አልጠበቀም። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአቅሙ በላይ የሆነ አስቸጋሪ የአሠራር ሁኔታ በኤርትራ እንደገጠመው ገልጾ በረራውን አቋረጠ። የአየር መንገዱ ኃላፊም አሥመራ በሚገኝ ባንክ ያለው ገንዘባቸው እንዳይንቀሳቀስ መደረጉን ተናግረው ነበር።

ከሁለቱ ወገኖች ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። ለገበያ ሰው የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። አንድ አየር መንገድ በሌላ አገር ትኬት ሲሸጥ ገንዘቡን የሚሰበስበው በዚያው አገር ገንዘብ ነው። ትርፍ የሚሆነው ያ ገንዘብ ተመንዝሮ ወደ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ብቻ ነው። ካልተመለሰ አውሮፕላኑ ሞልቶ ቢበርም ድርጅቱ የሚሠራው በብድር እንደሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ደብተሩ ላይ ገንዘብ አለ፤ መሳቢያው ግን ባዶ ነው።

ይህ በእኛ አካባቢ ብቻ የሚታይ አይደለም። ኤምሬትስ የተባለው የዱባይ አየር መንገድ በናይጄሪያ የሰበሰበውን ገንዘብ ማውጣት ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደዚያ አገር መብረሩን አቁሟል። የተመለሰው ጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ሌጎስ የምታህል ትልቅ የገበያ ከተማ፣ መንገደኛ ሞልቶ የተረፈባት፣ ገንዘብ ስለታሰረባት ብቻ ሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ትልቅ አየር መንገድ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ቆይታለች።

እንግዲህ በ1990 ዓ.ም. የናቅፋና የብር ምንዛሪ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የባንክ ሒሳብ የአዲስ አበባና የአሥመራን መስመር አንቀዋል። ኪሎ ሜትሩ ከኬንትሮስና ኬክሮስ ይገኛል። ሰዓቱም በ750 አካፍሎ ይገኛል። ገንዘብ የማይመለስበት መንገድ ርቀቱ ግን በምንም አይሰላም።

ለነጋዴው ምን ማለት ነው?

አንደኛ፤ ጊዜን በወለድ ብቻ አትቁጠሩ። እንበል አንድ ነጋዴ 500,000 ብር ይዞ በአየር የሚጓጓዝ ቀላል ሸቀጥ ይነግዳል። በቀጥታ በረራ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ ሸጦ ገንዘቡን ለመመለስ 10 ቀን ይፈጅበታል። መንገዱ ሲዞር 15 ቀን ይሆናል። በዓመት 15 ከመቶ ወለድ ቢታሰብ የአምስቱ ቀን ወለድ 1,027 ብር ገደማ ነው። ብዙ አይመስልም። ነገር ግን በ10 ቀን የሚዞር ገንዘብ በዓመት 36 ጊዜ ይዞራል፤ በ15 ቀን የሚዞረው 24 ጊዜ ብቻ። በየዙሩ 2 ከመቶ፣ ማለትም 10,000 ብር ቢያተርፍ፣ በመጀመሪያው 360,000 ብር ያገኛል፤ በሁለተኛው 240,000 ብር። የመንገዱ መዞር በዓመት 120,000 ብር በላበት ማለት ነው። የጨመረው የማጓጓዣ ዋጋ ገና አልተነካም።

ሁለተኛ፤ ዕቃችሁን ከመመዘናችሁ በፊት ለኩት። በአየር ካርጎ የሚከፈለው ከእውነተኛው ክብደትና ከመጠን ክብደት በሚበልጠው ነው። የመጠን ክብደት የሚገኘው የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ6,000 በማካፈል ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 20 ኪሎ ይሆናል። ውስጡ 12 ኪሎ የሚመዝን ልብስ ቢሆንም የሚከፈለው የ20 ኪሎ ነው። ቡና ተሞልቶ 26 ኪሎ ከመዘነ ደግሞ የ26 ኪሎ ይከፈላል። በአጭርና ቀጥተኛ በረራ ይህ ስሕተት አንድ ጊዜ ያስከፍላል። በሁለት አየር መንገዶች ተከፋፍሎ ለተጫነ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል።

ሦስተኛ፤ ዞራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ትኬቱ አንድ ይሁን። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተቆረጡ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ተጠያቂው አየር መንገዱ ነው፤ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍራል። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ትኬቶች ግን ምንም ረክሰው ቢገኙ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኪሣራው የመንገደኛው ነው። ሻንጣውንም መሀል ላይ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ በብዙ አገር ቪዛ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ርካሹን ትኬት ያስመረጠ ደላላ በዚያን ቀን ስልኩን አያነሣም።

አራተኛ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሊዘጋ በሚችል መንገድ ማዶ ዱቤ አታብዙ። ቀጥታ በረራ ባለበት ዘመን ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ «በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ እቀበላለሁ» ማለት ቀላል ነው። መስመሩ በድንገት ሲቋረጥ ግን የሰዓት ከሩቡ ባለዕዳ የሰባት ሰዓት ባለዕዳ ይሆናል። ትላልቆቹ ድርጅቶች እንኳ ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘባቸውን ማውጣት በማይችሉበት ቦታ፣ በቃል ስምምነት የሰጠ ነጋዴ ምን ሊያደርግ ይችላል? ውል ሲጻፍም «መንገዱ ቢዘጋ ዕቃው የማን ነው? የማከማቻ ኪራዩን ማን ይከፍላል? ክፍያውስ በየት አገር፣ በምን ገንዘብ ይፈጸማል?» የሚሉትን ሦስት ነገሮች ማስፈር ለጸሐፊው ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ባለሀብቱና አጭር መስመር

በአዲስ አበባና በጎረቤት ከተሞች መካከል ለመነገድ የሚያስብ ባለሀብት የርቀትን ነገር ሲያጠና የጎረቤትነትን ጥቅም ብቻ አስቦ መነሣት የለበትም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል የሚሠራው በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። ከቦሌ 2,519 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ዱባይ ለመርካቶ ነጋዴ የሠፈር ያህል ቀርባ የኖረችው በረራው ስለማይቋረጥ፣ ዕቃው ስለሚገኝና ክፍያው ስለሚፈጸም ነው። 702 ኪሎ ሜትር የምትርቀው አሥመራ ግን ለዚያው ነጋዴ ለሃያ ዓመታት ከዱባይ ወዲያ ሆና ኖራለች። አባባል አይደለም፤ በዱባይ ዞሮ ወደ አሥመራ ለሚሄድ ሰው ቃል በቃል እውነት ነበር።

በሌላ በኩል ይህ መስመር ሲከፈት ምን ያህል ሥራ እንደሚያንቀሳቅስ በ2010 ዓ.ም. ታይቷል። ገበያው አልጠፋም። የሚበላው ጤፍ፣ የሚጠጣው ቡና፣ የሚለበሰው ልብስ፣ የሚነገረውም ቋንቋ ተቀራራቢ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ማስታወቂያና ማለማመድ አይፈልግም፤ በማግሥቱ ይነሣል። በመሆኑም ወደፊት በረራው ተመለሰ የሚል ዜና የሚሰማ ነጋዴ ወደ ትኬት ቢሮ ከመሮጡ በፊት ከዜናው ሥር ሁለት ነገሮችን ይፈልግ። የምንዛሪ ስምምነት አለ ወይ? የባንክ ለባንክ ክፍያ ተጀምሯል ወይ? እነዚህ ካሉ አሥመራ በእርግጥ የሰዓት ከሩብ መንገድ ናት። ከሌሉ ግን አውሮፕላኑ ይደርሳል፤ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።